የመጫር ትምህርት

ተረት ልንገራችሁ፤ የበረቱን በር ክፈቱልኝ።

በሽቦ ቤት ያደገች፣ አፈር ረግጣ የማታውቅ አንዲት ዶሮ ነበረች። በጭንቀት የገዛ ላባዋን እየነቀለች ደረቷ ተራቆተ። መላጣ ሆና እንዳትቀር ፈርታ፣ የአያቶችን ጥበብ ያስተምራሉ ወደተባሉት ወደ ጋሽ ዳክዬ ሄደች። እሳቸውም በጎተራው የሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጠው፣ አፈር መጫር ለአእምሮ ጤና የሚሰጠውን ጥቅም ሦስት ቀን ሙሉ አስረዷት።

በአራተኛው ቀን «ጋሼ፣ እርስዎ ጭረው ያውቃሉ?» አለቻቸው።

ጋሽ ዳክዬ በቆዳ የተያያዙ ጣቶቻቸውን ከሆዳቸው ሥር ደበቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ጥቅሙን ነው» አሉ።

ዝናቡ ሲያባራ አፈሩ ሸተታት። ወጣችና፣ ስህተት እንዳይሆንባት ፈራ ተባ እያለች አንዴ ጫረች። ትል አገኘች። ደግማ ጫረች። እስኪመሽ ድረስ ላባዋ ትዝ አላላትም፤ በወሩም ደረቷ ለበሰ።

ጋሽ ዳክዬ በትምህርታቸው ውጤት ኮሩ። ግቢው ውስጥ ሲጭሩ የሚውሉትን ዶሮዎች ሁሉ ሰብስበው፣ እሷ እንዴት እንደዳነች ሊያስረዷቸው ጎተራው ውስጥ አስገቡና በሩን ዘጉ። በሦስተኛው ቀን ከፊት የተቀመጠችው ዶሮ ላባዋን መንቀል ጀመረች።

ተረቴ አለቀ፤ ዳቦዬን ግን ደጅ አምጡልኝ።