ስሙን አባቱ የሚናገርለት ተማሪ

አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ቀን ባለሆቴሉ አቶ ደምመላሽ ለልጃቸው የገዙትን መኪና ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ገትረው ክላክሱን አንባረቁት። የበሩ ፈታሽ ገና ስታያቸው ቀልቧ አልወደዳቸውም። ቀረብ ብላ አጠገባቸው የተቀመጠውን ልጃቸውን፣

"ስምህ ማን ነው?" አለችው።

"ኢዮስያስ ነው" አሉ አባትየው።

"ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከደሴ ነው" አሉ አባትየው።

"መታወቂያህስ?"

አባትየው ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

"ጋሼ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ መኪና ይዞ መግባት አይፈቀድለትም።"

"ማንን ነው የምትከለክይው? ልጄ ራሱን የቻለ ሰው ነው! አሁኑኑ ካልከፈትሽ ከሥራሽ አስነቅልሻለሁ!"

ፈታሿ ልጁን አየችው። ልጁ አባቱን አየ።

"ኧረ ጋሼ" አለች፣ መታወቂያውን ለአባትየው እየመለሰች፣ "ለዚህ ልጅ መኪና ምን ያደርግለታል? እሱ ይዞ መግባት ያለበት እርስዎን ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ ዶርም አልተመደበም።"