ቅቤ የተቀባው ፍሬን

በደሴ፣ በእኛ ሰፈር፣ ትንሿን ነውሩን ሊደብቅ ሲሯሯጥ ትልቁን ጣጣ በራሱ ላይ ለሚጎትት ሰው የምንወረውራት አንዲት አባባል አለች። አንዲት ብጉር ለማጥፋት የጎረቤቱን ሁሉ መድኃኒት ተለቅልቃ ፊቷን ያሳበጠች ልጅ ትባልባታለች፤ ሽበቱን ቀለም ቀብቶ ዝናብ የመታው ጎልማሳም አይቀርለትም። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ሲሰማት የጥንት አባቶች የተናገሯት ይመስለዋል። አንዳንዱማ ከነትርጓሜዋ ሊያስረዳኝ ይዳዳዋል። እኔን! ስትወለድ እዚያው ነበርኩ፤ ያመለጥኩትም አጥር ዘልዬ ነው።

ነገሩ የአጸደ ሰርግ ላይ የሆነ ነው። አጸደ ጎረቤታችን ናት። አባቷ አቶ ደምሰው ሰውን በአረማመዱ የሚመዝኑ፣ ከችኩል ሰው ጋር ማዕድ መቅረብ እንኳ የማይወዱ ናቸው። አጸደን ሊያገባ የፈለገው አንተነህ ሽማግሌ ቢልክባቸው «እናስብበት» እያሉ ደጋግመው መለሱ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ «ልጃችን እርጋታ ያለው ነው» ብለው ማሉላቸው።

«እሺ» አሉ አቶ ደምሰው፤ «እርጋታውን ደጄ ላይ አየዋለሁ። የሰርጉ ቀን ልጃገረዶቹ በር ይዘው ‹አናስገባም› ሲሉት እንደ ሰው ቆሞ ከለመነ፣ ይውሰዳት። ገፍቶ ከገባ ግን ሚዜዎቹን ይዞ ይመለስ፤ ልጄ ከቤቴ አትወጣም።»

አቶ ደምሰው ደግሞ ያሉትን ያደርጋሉ። አንተነህም ይህን ስለሚያውቅ ሰርጉ እስኪደርስ ሲራመድ እንኳ እንቁላል የተሸከመ ይመስል ነበር።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በልግ ገብቷል። ሙሽራውን ይዛ የምትሄደው ነጭ መኪና የጋሽ ኢብራሂም ናት። ጋሽ ኢብራሂም የአንተነህ አባት የድሮ ወዳጅ ሲሆኑ፣ ሊነዱም ቃል የገቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ማታ አሳጥበው አንተነህ ግቢ አቆሟት። ሌሊቱን ዝናብ ወረደባት።

ጠዋት አንደኛ ሚዜው ወንድይፍራው አበባ ሊያስርባት ወጣ። ወንድይፍራው ፒያሳ ጫማ ይሸጣል፤ የዓለም ችግር ሁሉ በጨርቅና በቅባት ይፈታል ብሎ ያምናል። መኪናዋን ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ጮኸ።

«ኧረ ጉድ! አንተነህ፣ ና እይ! መኪናዋ ዝጋለች!»

እውነትም በጎማው ቸርኬ ክፍተት ሲያዩት፣ ፍሬን ሲረገጥ የሚጨመቀው ክብ ብረት በርበሬ የነሰነሱበት መስሏል።

«ዘንቦበት ይሆናል፤ ተወው» አለ አንተነህ።

«ልተወው? ከሙሽራዋ ሰፈር ሴቶች ዓይን ማን ያስጥለናል? ‹ከቁራሌው ላይ ገዝተው መጡ› ሊሉን!»

ይህን እንኳ አልተሳሳተም። እንል ነበር።

«እሺ፣ ጋሽ ኢብራሂም ቁርሳቸውን ጨርሰው ይምጡና እንጠይቃቸው።»

«ስማ፣ አንተ ዛሬ ሙሽራ ነህ። ሙሽራ ዝም ይላል፤ የሚያዝ ሚዜ ነው።»

ወግ ነውና አንተነህ ዝም አለ። ወንድይፍራው ጓዳ ገብቶ፣ የአንተነህ እናት ለልጃቸው አናት ያዘጋጁትን ለጋ ቅቤ ከነሳህኑ ይዞ ወጣ። ለወጉ ያህል ከሙሽራው አናት ላይ ጣል አደረገ። የቀረውን በጨርቅ እያፈሰ፣ እጁን በቸርኬው ክፍተት እያሾለከ፣ አራቱንም ብረት ልክ እንደ ጫማ ወለወለው።

«ተመልከት! መስታወት!» አለ፤ እጁንም በአንተነህ ፀጉር ጠረገ።

አጀቡ ተነሳ። መንገዱ አብዛኛው ዳገት ስለሆነ ፍሬን ብዙም የሚፈልግ ነገር አልገጠማቸውም። አንድ መስቀለኛ ላይ ግን ጋሽ ኢብራሂም ቢረግጡ፣ መኪናዋ እሳቸው ባሰቡት ቦታ ሳይሆን ደስ ባላት ቦታ ቆመች።

«ፍሬኗን ዛሬ ምን ነካት?»

«ሰርግ ነዋ ጋሼ፤ እሷም ፈንጥዛ ነው» አለ ወንድይፍራው።

«ደግሞስ ምንድን ነው የሚሸተኝ? ቅቤ ቅቤ ይላል።»

«የሙሽራው አናት ነው።»

እኛ ልጃገረዶቹ እዚህ በር ይዘናል። የአቶ ደምሰው ግቢ ቁልቁለት ማለቂያ ላይ ነው፤ ከቆርቆሮው በር ጀርባ ዳሱ ተጥሎ፣ ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል። እጅ ለእጅ ተያይዘን በሩ ላይ ተገጥግጠን ስንጨፍር መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው። ከዳስ ውስጥ አንዷ «ወጡ ወጣ እንዴ?» ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ ጥሩምባው መጣ፤ ማቋረጥ የለ፣ ትንፋሽ የለ።

«በጥሩምባ አንፈራም!» አልን።

ጋሽ ኢብራሂም አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «ልቀቁ! በሩን ልቀቁ!»

«አንለቅም! ለምኑ!»

«በአላህ ለመንኳችሁ!»

«ገና ነው! በደንብ ለምኑ!»

ሰውዬው ያን ያህል ከልባቸው ሲለምኑ፣ የዘንድሮ ሰርገኛ ወግ ያውቃል ብዬ ኮርቼ ነበር። ከዚያ የወንድይፍራውን ዓይን አየሁት። ያ ዓይን የሚለምን ሰው ዓይን አይደለም፤ የሚናዘዝ ሰው ነው። «ሽሹ!» ብዬ ጮህኩና አጥሩን ዘለልኩ። ሌሎቹም እንደ ቆቅ ተበተኑ።

በሩ ወደቀ። የዳሱ ቋሚ ተነቀለ። ሸራው ተንሸራቶ መኪናዋን ከአናቷ እስከ ጭራዋ ስላከናነባት ሙሽራዋ እሷ መሰለች። ጋሽ ኢብራሂም የእጅ ፍሬኑን እስኪገነጠል ጎትተው፣ መኪናዋ የአቶ ደምሰው አክስት እማማ ባንቺወሰን ሳህን አጠገብ ስትደርስ ቀጥ አለች። እማማ ሳህናቸውን ጠጋ አደረጉና መብላታቸውን ቀጠሉ።

ከእሳቸው በቀር እጁን ያንቀሳቀሰ የለም። አቶ ደምሰው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ይህ ነው የተማለልኝ እርጋታ?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አጸደ በመስኮት ቆማ ቬሏን በሁለት እጇ ጨምድዳዋለች።

አንተነህ ከሸራው ስር ወጣ። ቅቤው ቀልጦ በግንባሩ ይወርዳል። ለአማቱ እጅ ነሳ። የወደቀውን ቆርቆሮ አንስቶ ወደ ደጅ ወጣ፣ በበሩ ቦታ አቆመው፣ ከውጭ ሆኖም አንኳኳ።

«እህቶቼ፣ በራችሁ ይኸው። ያዙብኝ።»

ተያየን። ከዚያ ሮጠን ቆርቆሮውን በእጃችን ደግፈን ያዝን። «አናስገባም!»

ለመነ። ስድባችንን ጠጣ፣ ፀሐዩን ቻለ፣ ቅቤው ኮሌታው ደረሰ፤ አልተቆጣም፣ አልገፋም። እኔ በበኩሌ አላዘንኩለትም፤ ሥራዬ ነው።

በዚህ መሃል ጋሽ ኢብራሂም ጎማው ስር ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን ሰደዱ፣ አሸተቱ።

«ቅቤ! ማነው ፍሬኔን ቅቤ ያበላው?»

«ዝጎ ነበር ጋሼ... እንዳያሙን ብዬ...» አለ ወንድይፍራው።

«የአንድ አዳር ዝገት! ፍሬን አንዴ ሁለቴ ብረግጥ ራሱ ተፍቆ ይጠራ ነበር እኮ! ዝገቱ መች ከመቆም ከለከለን? የከለከለን ያንተ ውበት ነው!»

አቶ ደምሰው ይህን ሰሙ። ፊታቸው አልተፈታም፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ልጁን አስገቡት» አሉን፤ «ችኩሉ ሚዜው ነው። አንተ ግን» አሉ ወደ ወንድይፍራው ዞረው፣ «ልጄ የምትሳፈርባትን መኪና ፍሬን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበህ ሳትጨርስ እህል አትቀምስም።»

ከመስኮቱ እልልታ ፈነዳ። ሙሽራ ራሷ እልል ስትል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወንድይፍራው በሙሉ ልብሱ ተንበርክኮ ሲፈትግ፣ እማማ ባንቺወሰን የመጨረሻዋን ጉርሻ ዋጡና በመኪናዋ አፍንጫ አሻግረው አዩት፣ እጃቸውንም እየታጠቡ እንዲህ አሉ፦ «ዝገት አሳፍሮት ቅቤ ቀባ፣ ቁም ቢሉት ዳስ ገባ።»