ተሰካ፣ ተነቀለ

በአንድ ወቅት፣ የሙታን ስም ከወረቀት ወደ ዲስክ በተሻገረበት ዘመን፣ በአንዲት ቆላ ከተማ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ዘርጋው፣ መካከለኛው አስናቀ፣ ታናሹ ምንይችል ይባላሉ። አባታቸው መምህር አሰጋኸኝ ነበር። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሰው ከቤቱ እየተወሰደ በሚገደልበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ወሰደው። ዘርጋው ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ አስናቀ የስድስት። ምንይችል ገና በእናቱ ሆድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደጉት ድምፅ ሳያሰሙ ነው። መኪና ከበር ላይ ሲቆም ትንፋሻቸውን ይውጡ ነበር። አስናቀ ዛሬ ሃምሳን አልፎም በር በሩን እያየ ነው የሚቀመጠው። ስለ ልጅነቱ ሲጠይቁት «አለፈ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም።

እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ ነበር፤ ከባላቸው ጎን መቀበር። ባላቸው ግን ከከተማው ዳር ባለው አሮጌ የእስር ግቢ፣ ከሦስት ጉድጓዶች በአንዱ ውስጥ ከብዙ ሰዎች ጋር ተኝቷል። በየትኛው እንደሆነ የሚናገረው የግቢው መዝገብ ብቻ ነበር። ያንን መዝገብ ዘርጋው ከሟች ቤተሰቦች ማኅበር ጋር ሆኖ በአራት ዓመት ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶታል። የምስክሮችንም ቃል በቪዲዮ ቀድቷል። በኋላ ዋናው መዝገብ በጎርፍ ራሰና ከጥቅም ውጭ ሆነ። የቀረው ሁሉ በዘርጋው ትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር፤ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ እንደ መጽሐፍ የወፈረ ጥቁር ሣጥን። «ሌላ ቅጂ አስቀምጥ» ሲሉት «ይሄ ራሱ ቅጂ አይደል እንዴ?» ይል ነበር።

በእነሱ ቤት የተከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል፤ ቴሌቪዥኑም እንዲሁ። ዲስኩ ሲመጣ ዘርጋው «አቧራ እንዳይበላው» ብሎ ለእናቱ ነገራቸው። እሳቸውም በልኩ ድርብ ዳንቴል ሠርተው አለበሱት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በግቢው ላይ መንገድ ሊያልፍ እንደሆነ ተነገረ። የሥራው ኃላፊ ቤተሰቦቹን ሰብስቦ እንዲህ አላቸው፦

«ሰውዬው በየትኛው ጉድጓድ፣ ስንተኛ ላይ እንዳለ በጽሑፍ የሚያሳይ ቤተሰብ ለብቻው ያወጣል። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ያላሳየ፣ የእሱ ሟች ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ይዛወራል። ከዚያ በኋላ፣ ጌቶቼ፣ ማንን ከማን ትለያላችሁ?»

በዚያ አገር ልማድ የፈለሰ ዐፅም የሚገባበት ሣጥን ትንሽ ነው። የሚሸከመው አንድ ሰው ነው። በመንገድ ላይ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ ያነሣው ሰው ራሱ ያሳርፈዋል። ወይዘሮ የሺመቤት ልጆቻቸውን ጠርተው «በኩር ነው አልልም» አሉ። «አባታችሁን ያገኘልኝ እሱ ይሸከመው።»

ዘርጋው ዲስኩን ሰካ። ዲስኩ ታየና ጠፋ። አስናቀን አስጠራው።

አስናቀ ሥራው ኮምፒውተር ነበር፤ የከተማውን ግማሽ ኮምፒውተር ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚያሠራው እሱ ነው። መጥቶ ከበሩ ትይዩ ተቀመጠና ገመዱን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ዲስኩ ማጉረምረም ጀመረ፤ ስሙ በስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ጠፋ። እንደገና ወጣ፤ እንደገና ጠፋ። ማንም አልነካውም።

ሊኑክስ ያየውን ሁሉ የሚጽፍበት የውሎ መዝገብ አለው። አስናቀ ከፍቶ አነበበው። «አምስተኛው መሣሪያ ተሰካ። አምስተኛው መሣሪያ ተነቀለ። ስድስተኛው መሣሪያ ተሰካ። ስድስተኛው መሣሪያ ተነቀለ።» ዲስኩ ያው አንዱ ነው፤ ማሽኑ ግን በተመለሰ ቁጥር እንደ አዲስ መጤ ቆጥሮ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ሃያ ሲደርስ የአስናቀ መዳፍ በላብ ራሰ። ልጅ ሳለ በግቢው በር ላይ ስንቅ ይዘው ሲሰለፉ እንዲህ ያለ መዝገብ ሲነበብ ሰምቷል። እገሌ ገባ፤ እገሌ ወጣ። የወጣ ሰው ወዴት እንደወጣ ያኔ ማንም አልነገረውም።

«ምን ይላል?» አለ ዘርጋው።

«ምንም።»

«ምንም ካልሆነ ላብህን ጥረገው፤ ሰውየውን አስፈራኸው።» በጣቱ ዲስኩን አሳየ።

አስናቀ አልሳቀም። ገመዱን በሌላ ለወጠ። ዲስኩን ብዙ ገመድ ከሚሰካበት የዩኤስቢ ማባዣ ነቅሎ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰካው። መቋረጡ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ያን ቀን መስመር በመስመር ሲያነብ ዋለ፤ በመጨረሻ ነገሩ ገባው። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ዲስኮች ብዙ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚቀበሉበት ፈጣን አሠራር አለ። ይህ ሣጥን «እችላለሁ» ይላል እንጂ አይችልም፤ ትእዛዝ ሲበዛበት ግራ ተጋብቶ ራሱን ይጥላል። አስናቀ የዲስኩን መለያ ቁጥር ጻፈና ሊኑክስ ይህን ሣጥን በድሮው ቀርፋፋ መንገድ፣ አንድ ትእዛዝ ሲያልቅ አንድ እየሰጠ እንዲያነጋግረው አዘዘ። ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ። ተሰካ የሚለው ቃል ተጻፈ፤ ተነቀለ የሚለው ሳይከተለው ቀረ። አስናቀ ባይኖር ዲስኩ የተዘጋ ሣጥን ሆኖ በቀረ ነበር።

ማሽኑ ግን ወዲያው ሌላ ነገር አሳወቀ፦ ማውጫው ተሰብሯል፤ የትኛው ፎቶ የት እንዳለ አይታወቅም። ልጠግነው ወይ? ብሎ ጠየቀ። አስናቀ ፈርቶ ነበር። የፈራ ሰው ይቸኩላል። ጣቱን «አዎ» በሚለው ፊደል ላይ አሳረፈ።

ዘርጋው የእጁን አንጓ ያዘው። ሲያጠብቀው አጥንቱ ድረስ ተሰማው።

«ልቀቀኝ፤ ሥራዬ ነው።»

«አይደለም። መዝገቡ በጎርፍ ሲርስ አንድ ጸሐፊ ላስተካክል ብሎ ገጾቹን በደረቁበት ተራ ሰፋቸው። አስተካከለ! ከዚያ በኋላ የማን ስም የማን ገጽ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። በሽተኛውን አትንካው፤ መጀመሪያ እንዳለ ይገልበጥ። የምትጠግነውን በግልባጩ ላይ ጠግን።»

አስናቀ እውነት መሆኑን ያውቅ ነበር። ሌላ ሰው ቢጠይቀው ራሱ የሚመክረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን እጁ ከዕውቀቱ ቀድሞ ነበር። ፊደሉን ቢነካው ኖሮ የሦስት መቶ ሰዎች ስም እንደዚያ መዝገብ ይደበላለቅ ነበር። ወንድሙን ግን አላመሰገነም።

የሚገለበጥበት እኩያ ዲስክ ያስፈልግ ነበር። በከተማው ውስጥ ያን የሚያህል ዲስክ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሣው ታናሹ ምንይችል። ረቡዕ ጠዋት ወደ ስቱዲዮው ሄዱ።

«አይሆንም» አለ ምንይችል ገና ሳይቀመጡ።

«አባትህ ነው» አለ ዘርጋው።

«የእናንተ አባት ነው ጋሼ። እናንተን አቅፏችኋል። ለእኔ ያልተገኘ ሰው ነው። ያልተገኘ ሰው ደግሞ አልሞተም። ለምን ታስሞቱብኛላችሁ?»

«አርባ አምስት ዓመትህ ነው፤ እንደ ሕፃን አትናገር።»

«እንግዲያውስ ሕፃን አታባብሉ፤ ሂዱ።»

ረቡዕ እንዲሁ አለቀ። ከግቢው በኩል የመቆፈሪያው መኪና ድምፅ ይሰማል፤ አጥር እያፈረሰ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት በጮኸ ቁጥር ወደ ልጆቻቸው ቀና ይላሉ።

ድምፁ የምንይችል ስቱዲዮም ድረስ ደርሶ ነበር፤ ሐሙስ ጠዋት ዲስኩን በብብቱ ይዞ መጣ። አስናቀ ሲሰካው በስክሪኑ ላይ የዲስኩን ስም አየ፦ ትርሲት። ትርሲት የምንይችል ሚስት ነበረች፤ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

«ባዶ ነው?» አለ አስናቀ።

«አይደለም። አጥፋው።»

«የእሷ ቪዲዮ... ቅጂ አለህ?»

«አለኝ።»

አስናቀ ፊቱን አየው። እንደሌለው ዐወቀ። ያጠፋው ግን ራሱ ምንይችል ነው፤ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሱ ስቦ፣ አንድም ጊዜ ሳያመነታ። የሚስቱ ድምፅና ሣቅ በሁለት ደቂቃ ከዚህ ዓለም ወጣ። ያ ዲስክ ባይመጣ የአባታቸው ገጽ የሚያርፍበት ቦታ አልነበረም።

መገልበጥ ተጀመረ። አስናቀ የመረጠው ፕሮግራም የታመመውን ቦታ እየዘለለ ደኅና ደኅናውን አስቀድሞ የሚቀዳ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሄደና ቆመ። ዲስኩ «ጠቅ» አለ፤ እንደገና «ጠቅ»። የውሎ መዝገቡ ሠላሳ አንደኛው መሣሪያ ተነቀለ ብሎ ጻፈ። ነቅለው ሰኩት፤ ሃያ ደቂቃ ሄደ፤ ቆመ። አሁንም ሰኩት፤ ዐሥር ደቂቃ። አስናቀ ቅንብሩን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ መረመረ። ስሕተት አላገኘም። የሚያየው ሁሉ ልክ ነበር፤ ዲስኩ ግን እየሞተ ነው። ያን ጊዜ የያዘው ፍርሃት ልጅ ሆኖ ከአልጋ ሥር ተደብቆ ያወቀው ነው፤ ጆሮ ላይ የሚጮኽ ዝምታ።

ዘርጋው ተነሥቶ እጁን ከዳንቴሉ ሥር አስገባ። እንዲያ ያለውን እጅ አስናቀ ያውቀዋል። በሰባት ዓመቱ ወባ ሲይዘው፣ የማን ልጅ ነህ እንዳይባል ሐኪም ቤት አልወሰዱትም፤ ራሱም ገና ልጅ የነበረው ዘርጋው ነው ግንባሩን እየዳሰሰ እርጥብ ጨርቅ ሲለዋውጥለት የሰነበተው።

«ትኩሳት አለው» አለ ዘርጋው።

«ዲስክ ይሞቃል፤ ያለ ነው» አለ አስናቀ።

«እንዲህ አይደለም። እጄን ላጠው።»

ዳንቴሉን ከነድርቡ ገፈፈው። እናታቸው በር ላይ ቆመው ያያሉ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?» አሉ።

«አልብሺው ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለ ዘርጋው። ዲስኩን በሁለት ጡብ ላይ አቆመው፤ የካርቶን ክዳን ቀደደና ማራገብ ጀመረ። ሐሙስን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር አራገበ። እንተካህ ሲሉት እምቢ አለ። ዲስኩ ቀዘቀዘ፤ ዳግመኛም አልተነቀለም። ያ እጅ ባይዳስሰው ኖሮ የአስናቀ ዕውቀትም የምንይችል ዲስክም በግማሽ መንገድ ይቀሩ ነበር።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ግልባጩ አለቀ። አሮጌው ዲስክ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። አስናቀ ማውጫውን በግልባጩ ላይ ጠገነ፤ ፎቶዎቹ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ ሆነው ወጡ። ሦስቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በአንድ ስክሪን ላይ አፈጠጡ። ገጽ ያልፋል፤ የጎረቤት ስም ያልፋል፤ የአብሮ አደግ አባት ስም ያልፋል። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሦስቱም እኩል ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ገጹ እንዲህ ይላል፦

«አሰጋኸኝ። መምህር። ሁለተኛው ጉድጓድ፣ ከግንቡ በኩል ሰባተኛ።»

ምንይችል ተነሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቱ ሞተ፤ ገና ያን ሰዓት ሞተ።

ሮጡ። ሌሎቹም ቤተሰቦች ከግልባጩ የታተመላቸውን ገጽ ይዘው ሮጡ። ኃላፊው ወረቀቱን አየና አስቆፈረ። ከግንቡ በኩል ሰባተኛው ወጣ። ዐፅሙ ታጥቦ በነጭ ጨርቅ ተጠቀለለ፤ በትንሿ ሣጥን ውስጥ ገባ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ተመለከቱ። እሳቸውም ወደ ልጆቻቸው።

«ማን ነው ያገኘው?» አሉ።

«ገጹን በእጄ ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለ ዘርጋው። «ይሄ አስናቀ ሊያጠፋው ሲል እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲሞትም ትኩሳቱን ያበረድኩት እኔ ነኝ።»

«ያስሞቅከውም አንተ ነህ» አለ ምንይችል። «አንድ ቅጂ እንኳ ሳታስቀምጥ! እኔ ያለኝን ሰጠሁ ጋሼ። እናንተ ዕውቀታችሁን ሰጣችሁ፤ ዕውቀት ቢሰጡት አያልቅም። የእኔ አለቀ።»

«አንድ ቀን ሙሉ አስለምነኸን!» አለ ዘርጋው።

አስናቀ ወደ ሣጥኗ ቀረበ። ዝምታ ለሱ ልብስ ነበር። ያን ቀን ግን አወለቀው።

«አባዬ በር ላይ ቆሞ ነበር» አለ። «ይመጣል፣ ይሄዳል። ይመጣል፣ ይሄዳል። ሁላችሁም እያያችሁት ትፈሩት ነበር። ግባ ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«ካስገባኸው በኋላስ ምን ልታደርገው ነበር?» አለ ዘርጋው። 

ቄሱ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። የመቆፈሪያው ሾፌር ሞተሩን አስነሥቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሣጥኗም ከእጅ ወደ እጅ አትተላለፍም። ወይዘሮ የሺመቤት ሦስቱን ተራ በተራ አዩ። «ሦስት አድርጌ ወለድኳችሁ፤ ሣጥኑ አንድ ነው» አሉና የተሰበሰበውን ሕዝብ «እናንተ ፍረዱኝ» አሉት። ግማሹ ዘርጋው አለ፤ ግማሹ አስናቀ፤ ሴቶቹ ምንይችል አሉ። እየተከራከሩ ሳሉ ስድስት ሰዓት ሆነ።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። እንግዲህ ሰሚዎች፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማችሁ እናትየው እናንተን ብትጠይቃችሁ፦ የተዘጋውን በር የከፈተው፣ የሚያጠፋውን እጅ ይዞ ትኩሳቱን ያበረደው፣ ወይስ የራሱን ሙት ደምስሶ ለአባቱ ቦታ የለቀቀው? ሣጥኑን ማን ያንሣ?