«አሁን አይሁን» ያለችው እናት

አንዲት ሴት ነበረች። ባለትዳር፣ ሠራተኛ፣ እንደ ማናችንም ያለች ሰው። እውነተኛ ስሟን ልተወውና እስከዳር ብዬ ልጥራት። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ የማታ ኮሌጅ ትማራለች። ይህን ኑሮ የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተጎንብሶ ውሎ፣ ሲመሽ አስተማሪ ፊት እንቅልፍን መታገል ነው። ግን ልትጨርስ ደርሳ ነበር። የቀራት አንድ መንፈቅ ብቻ ነው።

በዚህ መሀል ማርገዟን አወቀች።

ምእመናን፣ እስኪ ራሳችሁን በእሷ ቦታ አድርጉት። ቤቱ የኪራይ ነው። ባሏ ይልቃል የሰው ሚኒባስ ነው የሚነዳው። ስንት ዓመት የለፋችበት ትምህርት ደግሞ ሊያልቅ ነው። ዜናውን ስታውቅ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው እልልታ አልነበረም። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ «ጌታዬ፣ ምነው አሁን? አሁን አይሁን!» አለች።

ይህችን ብቻ ነው ያለችው። ማንም አልሰማትም።

ለይልቃል ስትነግረው ሳቀ። አቀፋት። «ሴት ከሆነች በእናቴ ስም ነው የምትጠራው፤ ወንድ ከሆነ አንቺ አውጪለት» አላት። ሳቁን ስታይ እሷም ቀለል አላት። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ለመደችው። ሥራ ላይ ሆና እጇ ሳታውቀው ወደ ሆዷ ይሄድ ጀመር። ገና ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ እሷ ግን ነካ ታደርገውና «ትንሽ ታገሠኝ፤ ፈተናዬን ልጨርስና ሙሉ በሙሉ ያንተ እሆናለሁ» ትለዋለች። እንደ ሰው ታዋየዋለች። ወደደችው ማለት ነው። መች እንደወደደችው ራሷም አላወቀችም።

አንድ ጠዋት ሥራ ላይ እያለች ወገቧን ቆረጣት። ብድግ ስትል ደም ነው። የሥራ ባልደረባዋ ደግፋ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ፅንሱ ጨንግፏል።

ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ያዘቻት። «እህቴ፣ ስሚኝ» አለቻት። «ይህ በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ፅንሱ ከመነሻው በትክክል ሳይሠራ ሲቀር የሚመጣ ነው። አንቺ ያደረግሽው ወይም ያጎደልሽው ነገር የለም።»

እስከዳር ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ግን አላመነቻትም። ለምን? ሐኪሟ ያቺን ቃል አታውቃትማ! መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተባለችውን ቃል ምርመራ አያሳያትማ! «አይሁን አልኩ፤ አልሆነም። የጠየቅሁትን ሰጠኝ» አለች በልቧ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ራሷን ከሰሰች፣ ራሷ ዳኛ ሆና ፈረደች፣ ቅጣቱንም ራሷ ጀመረችው።

ጎረቤት ሊጠይቃት መጣ። አንዷ፣ «ገና ደም እኮ ነው፤ ልጅ አይባልም» አለቻት። ሌላዋ፣ «ልጅ ነሽ፤ ነገ ትወልጃለሽ» አለቻት። ሦስተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከባድ ነገር አንሥተሽ ነበር እንዴ?» ስትል ጠየቀቻት። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ምግብ ይዘው፣ ሥራቸውን ትተው የመጡ ናቸው። ግን ሲወጡ እያንዳንዳቸው አንድ ድንጋይ ጭነውባት ሄዱ። ምእመናን፣ እኛስ? ስንቱ ታማሚ ደጅ እንዲህ ያለ ድንጋይ ትተን መጥተናል?

እስከዳር ሥራዋን ቀጠለች፤ ኮሌጁን ግን ተወችው። «ለሱ ብዬ ነው የበደልኩት፤ ከእንግዲህ አልማረውም» አለች። ይልቃል ለምን ሲላት ደከመኝ ትለዋለች። ሰውነቷ ገና ሳይጠገን መጾም ጀመረች። የአዋጅ ጾም አይደለም፤ ራሷ ያወጀችው ነው። ቤቱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ትሰግዳለች። ሲሚንቶው ላይ፣ ምንጣፍ እንኳ ሳታነጥፍ፣ ጉልበቷ እስኪላጥ። ባሏ ሊያጫውታት ሲሞክር ፊቷን ታዞራለች። «ቢያውቅ ይጠላኛል» እያለች ነው። እሱ ግን «እኔን ጠልታ ነው» ብሎ ያስባል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው፣ አንዱ ሌላውን እየፈራ ይኖራል።

ሲቸግረው ይልቃል ገጠር ለእናቷ ደወለ። «እማማ፣ ልጅዎ እያየኋት እያለቀችብኝ ነው። እባክዎ ይምጡልኝ» አላቸው።

እናቷ ወይዘሮ ትርንጎ በማግስቱ ለአጥሚት የሚሆን የአጃ ዱቄት በፌስታል ይዘው ከወረኢሉ መጡ። ልጃቸውን ሲያዩ ደነገጡ። አጥሚቱን ሠሩ። እስከዳር ሁለት ጊዜ ፉት ብላ አስቀመጠችው። እናት አንሥተው ከደኑት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፀሐዩ ሞቅ ሲል፣ «ነይ ጸጉርሽን ልጠብሽ» አሏት። ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ አስቀመጧት፤ እንደ ልጅነቷ አስጎንብሰው በጣሳ ውሃ ያፈሱባት ጀመር። ቀሚሷ እንዳይረጥብ ከፍ ስታደርገው ጉልበቷን አዩት። ሁለቱም ተልጠዋል። አንዱ ቆስሏል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ስግደት ነው።»

«በዚህ ሰውነትሽ? የምን ስግደት?»

እስከዳር አጎንብሳለች። የእናቷ ፊት አይታያትም፤ ለዚህ ይሆናል አፏ የተፈታው። «ልጄን ገደልኩት፣ እማዬ» አለች። «በአፌ ገደልኩት። ማርገዜን ያወቅሁ ዕለት አሁን አይሁን አልኩ። እግዚአብሔር ሰማኝ።»

ጣሳው አየር ላይ ቀረ።  ወይዘሮ ትርንጎ ጣሳውን አስቀምጠው ከጎኗ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺን ሳረግዝ» አሉ፣ «አባትሽ የአልጋ ቁራኛ ነበር። ሦስቱ ታላላቆችሽ በእጄ ናቸው። ዝናቡም ቀርቶብን ነበር። ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ፣ ጌታዬ ይህንን ውሰድልኝ እል ነበር። አንድ ቀን እንዳይመስልሽ። በወረድኩ ቁጥር እለው ነበር።»

እስከዳር ቀና አለች። ሳሙናው በግንባሯ እየወረደ ነው። «እኔን?»

«አንቺን።»

«አልፈለግሽኝም ነበር?»

እዚህ ላይ፣ ምእመናን፣ እናቲቱ ሊያለሳልሱት ይችሉ ነበር። «አይ፣ እንዲያው አፌ ነው» ማለት ይቻላል። አላሉም። ልጃቸውን ሊያወጧት የሚችለው እውነቱ ብቻ መሆኑን ያወቁት ይመስለኛል።

«አልፈለግሁሽም» አሏት። «እንዲህ ብዬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ስትወለጂና ፊትሽን ሳየው ግን፣ ስፈራ የኖርኩት መራብሽን እንጂ አንቺን እንዳልነበረ ገባኝ።»

እስከዳር ልትነሣ ስትል እናቷ ትከሻዋን ያዙት። «ቆዪ፣ አልጨረስኩም። ካንቺ በኋላ ደግሞ ሌላ ነበረ። አባትሽ ድኖ፣ ዝናቡ መጥቶ፣ ቤታችን ደህና ሆኖ፣ ደስ ብሎኝ ያረገዝኩት። ጥላ ላስገባ ለማርያም ተስዬለት ነበር። ውሃ እንኳ አክስትሽ ናት የምትቀዳልኝ። እሱ ሦስት ወር ሳይሞላው ወረደብኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «እስኪ ንገሪኝ። ውሰድልኝ ያልኩት ይኸው ፊቴ ተቀምጧል። ስጠኝ ያልኩት የለም። እሱን ማን ገደለው? ስለቴ ገደለው?»

እስከዳር ሳሙናውን ከዓይኗ ላይ በእጇ ጠረገች።

«ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም» አሉ እናቲቱ። «በማግስቱ አረም ልነቅል ወጣሁ። ነቀልኩ። ያኔም አላለቀስኩም።»

አሁን ግን አለቀሱ። እናትና ልጅ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ አንዷ ጸጉሯ እንደታሸ፣ ሌላዋ ነጠላቸው እንደረጠበ ተቃቅፈው አለቀሱ። የሁለት ልጆች ለቅሶ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ልጅ ለቅሶውን ያገኘው ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ነው።

በሳምንቱ ወደ ንስሐ አባቷ ወሰዷት። እስከዳር ሁሉንም ተናገረችና፣ «ቀኖና ይስጡኝ፤ ከባዱን ይስጡኝ» ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ለኃጢአት ቀኖና አለኝ፤ ለኀዘን ግን ቀኖና የለኝም። ሄደሽ ብዪ፣ ጠጪ፣ ጉልበትሽን አሳርፊ። ማልቀስ ስትፈልጊ አልቅሺ» ብለው በመስቀላቸው ባርከው ሰደዷት። ቅጣት ፍለጋ ሄዳ እረፍት ተሰጣት።

የቀራት ይልቃል ነበር። ጠዋት ሚኒባሱን እያጠበ ሳለ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ነገረችው። ያቺን ቃል ሳታስቀር ነገረችው። እሱ ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ ሰማት።

«ይህንን ብቻሽን ነው የተሸከምሽው?» አላት።

«ትጠላኛለህ ብዬ።»

«እኔስ ያን ቀን የሳቅሁት ፈርቼ እንደነበር ታውቂያለሽ? እንዴት አድርጌ አሳድገዋለሁ ብዬ ነው የሳቅሁት። የኔ ፍርሃት በሳቅ ወጣ፣ ያንቺ በቃል። ታዲያ ከሁለታችን ማን ነው ወንጀለኛው?»

ያን ቀን ሥራ አልገባም። አብረው ቁጭ ብለው፣ ስለዚያ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨዋወቱ።

«ከዚያስ ወለደች?» ልትሉኝ ነው። አውቃችኋለሁ። ብትወልድ ደስ ይላችኋል፤ ታሪኩ የሚጠገን ይመስላችኋል። እሱን አልነግራችሁም። ሌላ ልጅ ያኛውን አያስረሳም፤ መጽናናትም ሌላ ልጅ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። የምነግራችሁ ይህን ነው፦ መብላት ጀመረች። በሚቀጥለው መንፈቅ ኮሌጅ ተመለሰች። አሁንም የሕፃን ልቅሶ ስትሰማ ከመንገዷ የምትቆምበት ቀን አለ። ታዝናለች እንጂ ራሷን አትከስስም። በማዘንና ራስን በመክሰስ መካከል ያለው ርቀት ስንት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል።

ምእመናን፣ እግዚአብሔር ማን ይመስላችኋል? የደከመች ሴት አፍ እስኪስት አድፍጦ የሚጠብቅ ነው? «አገኘሁሽ!» የሚል ነው? እናንተ፣ ልጃችሁ ተበሳጭቶ የተናገረውን ቃል ይዛችሁ ትቀጡበታላችሁ? ከድካም የወጣ መሆኑን አታውቁለትም? እናንተ ካወቃችሁለት፣ የፈጠረን እንዴት አያውቅልንም? ፍርሃታችንን ከቃላችን በፊት ይሰማዋል እኮ!

ዛሬ እዚህ መካከል እንደ እስከዳር የተቀመጠች አለች። «ያን ዕለት ባልሮጥ ኖሮ፣ ባልናደድ ኖሮ፣ ቶሎ ደስ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ» እያለች የምትቆጥር አለች። ያጣችውን ልጅ ስም እንኳ ያላወጣችለት፣ ለማንም ያልነገረች አለች። ምናልባትም ሽበት ያበቀለች ናት፤ ዘመናትን ተሸክማው ኖራለች።

ባሎች፣ እናንተም ዝምታችሁን እንደ ብርታት አትቁጠሩት። ጠይቋት። የናንተንም ንገሯት። ጠያቂዎች፣ ወደዚያች ቤት ስትሄዱ ምክንያት አትፈልጉ፤ ማስረጃም አትሰብስቡ። «አዝኛለሁ» ብላችሁ አጠገቧ ተቀመጡ፤ ይበቃታል።

አንቺ ግን፣ እህቴ፣ አንቺን ልለይሽ። የማይሆን ፍርድ ፈርደሽ፣ በማይገባ ቅጣት ራስሽን እያደከምሽ ነው። ልጅሽን አልገደልሽውም። እናቱ ነበርሽ። ለጥቂት ሳምንትም ቢሆን እናቱ ነበርሽ፤ እናት ደግሞ ለልጇ ታለቅሳለች እንጂ አትከሰስበትም። ዛሬ ከዚህ ስትወጪ የምታምኛትን አንዲት ሰው ፈልጊና ንገሪያት። ለቅሶውን ከሆድሽ የሰማ አምላክ ቀና ያድርግሽ፤ የደከመ ጉልበትሽን ያሳርፍልሽ። እኛም ሁላችን አሜን እንበልልሽ።