የሰሎሜ ነሐስ

ሰው ለማይረባ ነገር ብዙ ከፍሎ ደስ ሲለው ያዩ ሽማግሌዎች የሚሏት አንዲት ቃል አለች። ቃሏ የወጣችው ከአዱሊስ ወደብ ነው፤ ያስባለችውም ሰሎሜ የምትባል ሴት ናት።

የሰሎሜ ባል ኤስድሮስ መርከበኛ ነበር። የዝሆን ጥርስ ጭኖ ወደ ግብጽ እንደ ሄደ ቀረ። አሥራ ሁለት ክረምት ጠበቀችው። ድምፁን አልረሳችም፤ ገመድ ያሻከረውን እጁንም አልረሳችም። መልኩ ግን እንደ ጉም እየሳሳ ጠፋባት። አባቷን አይታ የማታውቅ ልጇ አንድ ቀን "እማዬ፣ አባቴ ምን ይመስል ነበር?" ብላ ብትጠይቃት ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ጥቂት ሰንብቶ አንድ የሮም ነጋዴ ወደቡ ገበያ ላይ ዕቃውን ዘረጋ። ከዶቃው መካከል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የነሐስ ገንዘብ ወድቃ ኖሮ ሰሎሜ አነሳቻት። ግማሽ ጎኗ በእጅ ብዛት ተፍቋል። በቀረው ላይ ግን ጎበጥ ያለ አፍንጫ፣ ጠበብ ያለ አገጭ፣ ጥቅልል ጢም ይታያል።

"እሱ ነው!" አለች።

ወዲያው የወርቅ ጉትቻዋን ፈትታ ለነጋዴው ዘረጋችለት።

"እመቤቴ፣ ይኼ እኮ ድሮ የሞተ ንጉሣችን ነው። ዳቦ እንኳ አይገዛልሽም" አላት።

"ዳቦ መች ፈለግሁ?"

ወንድሟ ዮስጦስ ወሬው ሲደርሰው እየበረረ መጣ። "የእናታችንን ወርቅ በዝገት ለወጥሽው?" ብሎ ሁለቱንም እየጎተተ የገበያው ዳኛ አባ ሐራ ፊት አቆማቸው። ነጋዴው አፍሮ ነበርና፣ "ወርቋን ትውሰድ፤ ነሐሷንም መርቄላታለሁ" አለ።

ገበያተኛው "ተገላገልሽ!" አላት። ሰሎሜ ግን ጭብጧን ደረቷ ላይ አጥብቃ ነጋዴውን እንዲህ አለችው፦

"በነጻ የወሰድሁትን አንድ ቀን መልሺ እባላለሁ። እሱን አንዴ ባሕር ወስዶብኛል፤ ሁለተኛ እንዲወሰድብኝ አልፈልግም። ወርቁን ያዘው፣ ጌታው።"



"አባቴ፣ ይፍረዱ እንጂ!" አለ ዮስጦስ፤ "ነሐስ በወርቅ ይገዛል?"

አባ ሐራ ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው፣ "ተዋት ልጄ፤ ለናፋቂ ነሐሱም ወርቅ ነው" አሉ።