የእመት ጉሬዛ ነጭ ልጅ

«ልጅሽን አንዴ ልቀፈው» ያላትን እንግዳ «አይሆንም» ብላ የምትመልስ እናት ክፉ ናት ወይስ ደግ? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። ተረቱን ግን ልንገራችሁ፣ ልጅም አዋቂም ስሙኝ።

ዱሮ፣ አውሬና ሰው በአንድ አፍ ሲያወሩ፣ ስሙ በጠፋ ሞቃት አገር፣ ፀሐይ መሬቱን የማትነካው ጫካ ነበረ። እዚያ ዛፍ ላይ እመት ጉሬዛ ትኖር ነበር። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ናት፤ ልጇ ሲወለድ ግን እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ሁለቱን ልጆቿን ንስር ነጥቋታል። ይሄኛው ብቻ ቀርቷታል፤ ከደረቷ አይወርድም።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መንገደኛ መጣ። ሳል ይዞት ስለነበር ከዛፉ ሥር ከሚያልፈው ወንዝ ማዶ ተቀመጠና አፉን በጋቢው ሸፈነ። አየ፣ አየ፣ ዓይኑ ጠገበ። «ያሳድግልሽ እመት ጉሬዛ። ዱርን የወደደ በዓይኑ ይጎብኝ፣ እጁን ይሰብስብ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

የነጩ ልጅ ወሬ ግን አገር ለአገር ዞረ። መንገደኛው በዛ። የእመት ጉሬዛ ጎረቤት ጦጣ ደግሞ ብልጥ ነው፣ ሆዱም ሰፊ ነው። ወርዶ እጁን ዘረጋላቸው። «ነጩን ልጅ በደንብ ካሳየኸን ዳቦ አለህ» አሉት። ሮጦ ዛፉ ላይ ወጣ።

«እመት ጉሬዛ፣ እንግዳ መጥቷል።»

«እዚሁ እንዳለሁ ይዩኝ።»

«አንጋጠው አንገታቸው ተቀጨ እኮ። ትንሽ ብቻ ውረጂ፣ ማየት አይገድልም። እንግዳ ጠል ናት ይሉሻል።»

«ይሉኛል?»

«ይሉሻል።»

አፈረችና ትንሽ ወረደች። ጦጣም ዳቦውን በላ።

ሌሎች መጡ። «ታችኛው ቅርንጫፍ ድረስ ውረጂ፣ ማየት አይገድልም። እንግዳ ጠል ናት ይሉሻል።»

«ይሉኛል?»

«ይሉሻል።»

አፈረችና ወረደች። ጦጣም ዳቦውን በላ።

ከዚያ አንዲት ሴት መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም። «እቴ፣ እኔም ጡት የሚጠባ ልጅ ቤት ጥዬ ነው የመጣሁት፣ አንጀቴ ተላወሰ። አንዴ ልቀፈው» አለች። አለችና ሳለች።

የእመት ጉሬዛ ልብ «አይሆንም» አለ። አፏ ግን ቃሉን ማውጣት እንቢ አላት። ጦጣ በጆሮዋ «ይሉሻል፣ ይሉሻል» ይላል። ሰጠቻት። ሴትዮዋ ልጁን ጉንጩ ላይ ሳመችው፣ እላዩ ላይ ሳለች፣ እንባዋን ጠርጋ መለሰችላት። ጦጣም ዳቦውን በላ።

ውሎ አድሮ ልጁ ሳል ጀመረው። አፍንጫው ተደፈነ፣ ጡት መያዝ አቃተው። እመት ጉሬዛ ደረቷ ላይ ደግፋ፣ ጠጉሩን እየላሰች ሰነበተች። አንድ ማለዳ ሳሉ ተወው። ትንፋሹም ተወው።

አልጣለችውም። ታቅፋው ትዞራለች። መንገደኞች ሲመጡ ጦጣ አሁንም «ውረጂ» አላት፣ ወረደች። «ዝም ያለ ልጅ ነው፣ እንዴት ያምራል» ተባባሉ። የወረረውን ዝንብ ያየ የለም። ጦጣም ዳቦውን በላ።

ክረምት ገባ፤ እመት ጉሬዛም የሞተ ልጇን ከደረቷ አወረደችው። ወንዙ ሞላ፣ መንገደኛ ቀረ። ዳቦ የለመደው ጦጣ የሚበላውን ፍሬ ከማይበላው መለየት ጠፍቶት፣ ከስቶ መጣ።

«እመት ጉሬዛ፣ ረሃብ ሊገድለኝ ነው። አጠገብሽ ልቀመጥና የምትለቅሚውን ልይ። ማየት አይገድልም።»

«አይሆንም።»

«ክፉ ናት ይሉሻል።»

«ይበሉኝ።»

ጦጣ ወደ ሰው መንደር ወረደ። በለመደ እጁ ከአንድ ጓዳ ዳቦ ሊያነሳ ሲል ውሾች ከበቡት። ጩኸቱ ጫካው ድረስ ተሰማ። እመት ጉሬዛ ሰማች፣ ደስ ግን አላላትም። «አይሆንም» ለካ አንዲት ቃል ነበረች። ከአፏ ስትወጣ ግን ደረቷ ባዶ ነበር።

የዘገየ አይሆንም፣ የሞተ አያስነሳም።

እንግዲህ ልጅ ያሳደጋችሁ እናቶች፣ እንግዳው ሳይቀየም፣ ልጁም ሳይነካ፣ ያቺ ቃል በጊዜ የምትወጣው እንዴት ነው? እባካችሁ ምከሩኝ።