ቀይዋን መብራት የናቀው ጊታር

«ተረት ይዣለሁ።»
«እኛም ጆሮ ይዘናል።»

እንግዲያው ስሙ። ዱሮ ነው፤ በጣም ዱሮ ግን አይደለም። መብራት ገብቷል፤ ዕቃም ገና አፍ አለው። ጩኸትን ከችሎታ የማይለይ ሰውም እንደ ዛሬው ሞልቷል።

ከኮምቦልቻ ወዲህ ባለች አንዲት ከተማ ወይዘሮ እልፍነሽ የምትባል ዘፋኝ ነበረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ዝም ያሰኛል። ለአሥራ ስምንት ዓመት ጊታር የመታላት ደግሞ ዘውገ የሚባል ሰው ነው። በከተማዋ ሁለቱ ያላደመቁት ሰርግ የለም።

አንድ ቀን እልፍነሽ ጉሮሮዋን አመማት። ሐኪሙ አየና፣ «ዕጢ አለ፤ ሰኞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መናገር ትችያለሽ፤ መዝፈኑን ግን እንጃ» አላት። እሷም ዘውገንና ድምፅ ቀጂውን ሽማግሌ አቶ ላቀውን ጠራቻቸው።

«ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ አራት ዘፈን እዘፍናለሁ። አራቱም ይቀዱልኝ። ለልጆቼ የምተወው ሌላ ነገር የለኝም» አለቻቸው።

ዘውገ ለዚህ ቀን ብሎ አዲስ ጊታር ገዛ። አሮጌው ለስላሳ ነበር። አዲሱ ጡንቸኛ ነው፤ አንዴ ሲመታ ሦስት ጊታር የተመታ ይመስላል። ዘውገ ይህን ጡንቸኛ ፕሮሰሰር በሚሉት ትንሽ ሳጥን ላይ ሰካው። ሳጥኑ የጊታርን ድምፅ ይቀበላል፣ በቁጥር ይሰፍራል፣ አሳምሮ ለስፒከር ያቀብላል። ፊቱ ላይ ሁለት ማዞሪያ አለ፤ አንዱ የመግቢያ፣ አንዱ የመውጫ። በመሃላቸው ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቀይ መብራት ተቀምጣለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ የሚገባው ድምፅ ከሳጥኑ አቅም ሲያልፍ ብልጭ ማለት።

የመግቢያው ማዞሪያ ለአሮጌው ለስላሳ ጊታር ተብሎ እስከ ጥግ ተከፍቶ ነበር። ዘውገ እንደተከፈተ ተወው።

ሐሙስ ለልምምድ ተቀመጡ። ጊታሩ ተመታ፤ ቀይዋ ብልጭ አለች።

«ዘውገ፣ በዛ። መግቢያውን ዝቅ አድርገው» አለችው መብራቷ።

ሳጥኑም፣ «እውነቷን ነው። ቁናዬ አንድ ነው። ሞልቶ የተረፈውን ከአፉ ላይ ጠርጌ እጥላለሁ፤ የጣልኩትን ደግሞ አልመልስም» አለ።

ጊታሩ ሳቀ። «ምስር የምታክል መብራት እኔን ልትመክር? እኔ የተሠራሁት ልሰማ ነው። ቁናው የጠበበው ቁናውን ያስፋ።»

የመውጫው ማዞሪያ የጌታውን ፊት እያየ የሚናገር አጎብዳጅ ነበር። «ምን ያስጨንቅዎታል ጌታዬ? እኔ አለሁ አይደል? ቢበዛ እኔን ዝቅ ማድረግ ነው» አለ።

ይህ ምክር ለዘውገ ጣፈጠው። መውጫውን ዝቅ አደረገ። ድምፁ አነሰ፤ መሰንጠቁ ግን አልቀረም። እልፍነሽ ፊቷን አጨማደደች።

«ዘውገ፣ ጊታርህ አሸዋ የሚያኝክ ይመስላል።»

«አዲስ ስለሆነ ነው እትዬ። ይላመዳል።»

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። የሚላመደው ጫማ ነው።

ዓርብ ዘውገ ብቻውን ተቀመጠ፤ እጁንም አጠንክሮ መታ። ቀይዋ ደጋግማ ብልጭ አለች።

«ዘውገ፣ አሁንም በዛ። መግቢያውን ዝቅ አድርገው።»

«ምቀኛ ናት» አለ ጊታሩ። «የሷ ብርሃን ትንሽ ስለሆነ የኔ ድምፅ ትልቅ መሆኑ ያንገበግባታል።»

«እኔም ታዝቤያታለሁ ጌታዬ» አለ አጎብዳጁ።

ዘውገም፣ «ዓይኔን እየወጋች አላሠራ አለችኝ» ብሎ ጥቁር ፕላስተር ቆረጠና ለጠፈባት።

ቀይዋ ከፕላስተሩ ሥር፣ «ዓይንህን ጋረድክ እንጂ የበዛውን አልቀነስክም» አለችው። የሰማት የለም። ቤቱ ሲቃጠል ጭሱ አስቸገረኝ ብሎ መስኮት የሚዘጋ ሰው እንዲህ ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሽማግሌው ላቀው መቅጃውን አሰናድቶ ወደ ዘውገ መጣ።

«መግቢያህን ለክተሃል?»

«ጋሽ ላቀው፣ እኔ እኮ ጊታር ከያዝኩ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው።»

«ስለ እጅህ አልጠየቅኩህም። መግቢያህን ነው።»

«ተለክቷል» አለ ዘውገ። ዋሸ።

የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ። ጊታሩ ደረቱን ነፍቶ ገባ፤ ድምፁም እንደ አሮጌ አቡጀዴ ተተረተረ። የፊት ወንበር ላይ ያሉ ሴቶች ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ላቀው በበኩሉ በመቅጃው ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገው፤ ትልቁ ቅዳጅ ትንሽ ቅዳጅ ሆነ፤ ያው ቅዳጅ ነው። በሁለተኛው ዘፈን ዘውገ ደነገጠ። የደነገጠ እጅ ደግሞ ይከብዳል፤ ይባስ ብሎ መታው። የእልፍነሽ ቀጭን ድምፅ ከሥሩ ተቀበረ።

ሦስተኛው ሲጀመር እጇን አነሳችና ወደ ዘውገ ዞረች።

«አስቀምጠው።»

«እትዬ፣ ትንሽ ላስተካክለውና...»

«ለጉሮሮዬ የቀረው ጥቂት ነው። ከሱ ጋር ስጣላ አልጨርሰውም።»

ዘውገ ጊታሩን አስቀመጠ። ሰው ሁሉ እያየው ከመድረኩ ጥግ ላይ ቆመ፤ እጁን የሚያደርግበት አጣ። እልፍነሽ የቀሩትን ሁለት ዘፈኖች ብቻዋን ዘፈነች። አዳራሹ ውስጥ ሳል እንኳ አልተሰማም።

እሑድ ዘውገ ላቀው ቤት ሄደ።

«ጋሽ ላቀው፣ የፊተኞቹን ሁለቱን እንደምንም አስተካክልልኝ።»

«ያነሰውን አጎላለሁ፣ የጎላውን አሳንሳለሁ» አለ ላቀው። «የተቆረጠውን ግን ከየት አመጣዋለሁ? ሁለቱን ጥያቸዋለሁ። ለልጆቿ የሚደርሳቸው ሁለት ዘፈን ነው፤ አንተም የለህበትም።»

ዘውገ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ዕቃዎቹ ይጨቃጨቃሉ። ጊታሩ፣ «ሳጥኑ ጠባብ ሆኖ ነው» ይላል። የመውጫው ማዞሪያ፣ «እኔ እንደሆነ ዝቅ በል ስባል ዝቅ ብያለሁ፤ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ይላል። ሰው ሲያጠፋ የሚናገረውን ነው የሚናገሩት። ዘውገ ፕላስተሩን ላጠ።

ቀይዋ አልወቀሰችውም። «በጣም የምታጠነክረውን ምት ምታ» አለችው። መታ፤ ብልጭ አለች። መግቢያውን ዝቅ አደረገና ደግሞ መታ። ብልጭ አለች። አሁንም ዝቅ አድርጎ መታ፤ ዝም አለች።

«አሁን ደግሞ ከዚህም ትንሽ ዝቅ አድርገው» አለችው። «መድረክ ላይ እጅ ይከብዳል። ድምፁ ካነሰህ በመውጫው ታጎላዋለህ።»

ጡንቸኛው ጊታር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ። ነገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ቀን ሙሉ የተናቀው ይህ ሁለት ደቂቃ ነው።

ሰኞ ዕጢው ወጣ። እልፍነሽ ዳነች፤ ዘፈኑ ግን እንደተፈራው ቀረ። ወር ካለፈ በኋላ ዘውገ ጊታሩንና ሳጥኑን ተሸክሞ ቤቷ ሄደ፤ ሰካና መታላት። እስኪጨርስ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው።

«አስተካክዬዋለሁ እትዬ» አላት።

እልፍነሽ በሻከረ ድምፅ፣ «ጥሩ ነው። ለሌላ ዘፋኝ ይሆንሃል» አለችው።

ተረቴ አለቀ፤ ሰምታችሁ አትጣሉት። ደጃፍ ላይ የተሰበረ እንስራ፣ ጓዳ ገብቶ ውሃ አይዝም።